«አልችልም» ለሚል ልጅ የሥዕል ክፍል ምን ያደርግለታል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቹ ወላጆቻቸውን ካጡ፣ ከቤታቸው ከተፈናቀሉ፣ በደል ከደረሰባቸው ወይም በሌላ ምክንያት ለችግር ከተጋለጡ ልጆች ጋር የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሥዕል ትምህርት እነዚህን ልጆች በራሳቸው እንዲተማመኑ የሚረዳው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ የሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከል በበጎ ፈቃድ ሥዕል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ 10 ዓመቷ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ታሰምርና ላጲስ ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ታጠፋለች፤ በመጨረሻም ጨምድዳ ትጥለውና «እኔ አልችልም» ብላ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ሥዕሏ እጅግ ውብ እንደ ሆነ፣ እንደ እርሷ ያለ ሠዓሊ አይቼ እንደማላውቅ ደጋግሜ ብነግራትም ይብስባታል እንጂ አይሻላትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ይብስባታል» ብለው የጻፉት ትክክለኛ ምልከታ ነው፤ ምክንያቱም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ በኔዘርላንድ በተካሄደ አንድ ጥናት፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ልጆች የቫን ጎግን አንድ ሥዕል አይተው እንዲሥሉ ተደርጎ ነበር። ከዚያም አንዳንዶቹ የተጋነነ ውዳሴ፣ ሌሎቹ መጠነኛ ምስጋና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተባሉም። ቀጥሎ ከባድና ቀላል ሥዕሎች ቀርበውላቸው የሚሥሉትን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲጠየቁ፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ልጆች የተጋነነውን ውዳሴ ከሰሙ በኋላ ከከባዱ ሸሽተው ወደ ቀላሉ አዘነበሉ። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ከልክ ያለፈ ውዳሴ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከፍ ያለ መስፈርት ይሆንበታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ መድረስ እንደማይችል ስለሚፈራ ሙከራውን ራሱን ይተወዋል። የእርስዎ ተማሪ ደግሞ ሥዕሏ የተባለለትን ያህል እንዳልሆነ በዓይኗ እያየች ስለ ሆነ፣ ወይ እርስዎ እንደማያዩ፣ ወይ እንዳዘኑላት ትረዳለች፤ ሁለቱም አይጠቅሟትም።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመነጭ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያብራራ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ሰውየው ራሱ ጀምሮ የፈጸመው ነገር መሆኑን አስቀምጧል። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ሲሳካላቸው ማየትም ያግዛል፤ የሌሎች ማበረታቻ ግን በተግባር ካልተደገፈ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ልጅቷን በቃላት ማሳመን ሳይሆን፣ ጀምራ የምትጨርሰው፣ ስትጨርሰውም የራሷ መሆኑን የማትጠራጠርበት ሥራ እንዲኖራት ማድረግ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያለችበትንም ሁኔታ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለ ሕፃን ራሱን ክብ፣ እግሩን ሁለት መስመር አድርጎ ሰው ይሥልና ደስ ብሎት ያሳያል። ከ9 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ልጆች የሣሉት ነገር እውነተኛውን እንዲመስል አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ ስለሚበስል በሚያዩትና በሚሥሉት መካከል ያለው ርቀት ያሳፍራቸዋል። ችግር ያላየው ልጅ እንኳ ብዙውን ጊዜ ሥዕልን የሚተወው በዚህ ወቅት ነው፤ ተደጋግሞ «አትረባም» የተባለ ልጅ ደግሞ ያልተሳካ መስመር ሁሉ የዚያ ቃል ማረጋገጫ ይሆንበታል። በእኔ እምነት ለዚህ ዕድሜ «እንደ ፈለግሽ ሣይ፣ ስሕተት የለም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ልጅቷ ስሕተት እንዳለ ታያለችና። ሙያውን ማስተማር ለልጁ ከሚሰጡ የአክብሮት መግለጫዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ወንበር አስቀምጡና ወንበሩን ሳይሆን በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ እንድትሥል ይጠይቋት፤ «ወንበር ምን ይመስላል» የሚለውን በቃል የተያዘ ምስል ትታ በእርግጥ የምታየውን መከተል ትጀምራለች፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ራሷን ሠሪዋን ያስደንቃታል።

ላጲሱን አይከልክሏት፤ ይልቁንም ሥራውን ይለውጡለት። ጠንከር ያለ ወረቀት ይስጧትና በለስላሳ የሥዕል ከሰል ገጹን በሙሉ እንድታጠቁረው፣ በመዳፏም እንድታሸው ያድርጉ። ከዚያ መስኮት አጠገብ አንድ ነጭ ጽዋ አስቀምጠው ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ብቻ በላጲሱ እያነሣች እንድታወጣው ያሳዩአት። በመጀመሪያ የጽዋው አፍ፣ ቀጥሎ የጆሮው ጠርዝ ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ ይላል። በዚህ አሠራር ማጥፋት መሣል ይሆናል፤ ያልወደደችውን ቦታ ደግሞ መልሳ በከሰል ትሸፍነዋለች እንጂ ወረቀቱ አይቀደድም። ወረቀት እየቆረጡና እየለጠፉ ሥዕል መሥራትም እንዲሁ ይረዳል፤ ቁርጥራጮቹ በሙጫ እስኪጣበቁ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሊንቀሳቀሱ ስለሚችሉ ውሳኔዋን መቀየር እንደ ሽንፈት አይቆጠርባትም።

ማሳየት ሲፈልጉ በራስዎ ወረቀት ላይ ያሳዩ እንጂ የእርሷን ሥዕል በእጅዎ አያርሙ፤ አንድ መስመር ቢያስተካክሉላት እንኳ ሥዕሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርስዎ ይሆናል። ከውዳሴ ይልቅ ያዩትን ይንገሯት፤ «ጥላውን ከታች ጨለም፣ ከላይ ፈዘዝ አድርገሽዋል፤ ቀጥሎ ወዴት ልትሄጂ አስበሻል?» ማለት ሥራዋን በትክክል እንደ ተመለከቱት ያስረዳታል፤ ውሳኔውም የእርሷ መሆኑን ያስታውሳታል። ጨምድዳ የጣለችውን ወረቀት ከፊቷ አንሥተው አይዘርጉት፤ ይቀመጥ ወይም ይጣል እንደ ሆነ ጠይቀው የምትለውን ይፈጽሙ።

ጥያቄ፦ የሟች እህቴን ልጅ አሳድጋለሁ፤ 8 ዓመቱ ነው። የሥዕል ክፍል ከገባ ወዲህ ቤትና ሰዎች ይሥልና መጨረሻ ላይ ሁሉንም በጥቁር ቀለም ይሸፍነዋል። አንድ ጎረቤት ጥቁር ቀለም የታወከ አእምሮ ምልክት ነው አሉኝ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ለሰዎቹ እጅ ስለማይሥል አቅመ ቢስነት ይሰማዋል አለኝ። ልጨነቅ ይገባል?

መልስ፦ ከሥዕሉ ብቻ ተነሥቶ እንዲህ የሚል ሰው ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሕፃናት ከሚሥሉት ሰው የጎደለውን አካል እየቆጠሩ ጠባያቸውንና ጭንቀታቸውን ለማንበብ ተሞክሯል፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን አንድን ምልክት ከአንድ ትርጉም ጋር የሚያያይዘውን ይህን አሠራር አልደገፉትም። እጅ መሣል ከባድ ስለ ሆነ ብቻ የሚተው ልጅ ብዙ ነው። ጥቁሩም ቢሆን ሌሊት መሽቶ፣ ዝናብ መጥቶ፣ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ታሪክ አልቆ፣ ልጁ ሰው እንዳያይበት ሸሽጎት ወይም ወፍራም ቀለም በብሩሽ መቀባቱ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል። ኀዘኑንም እየገለጸ ሊሆን ይችላል፤ እናቱን ላጣ ልጅ ኀዘን መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ ወረቀት ላይ መውጣቱም በራሱ ጉዳት አይደለም።

«ይህ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁት፤ ጥያቄው ሥዕሉ እንደማይለይ የሚናገር ይመስላል። አጠገቡ ቁጭ ብለው «ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» ይበሉት፤ «አይ» ካለ ይተዉት። ይህን መብት ማግኘቱ ራሱ በራስ የመተማመን አንዱ ክፍል ነው፤ በሕይወቱ ብዙ ነገር ሳይጠየቅ የተወሰነበት ልጅ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚገልጠውንና የሚሸፍነውን የሚወስነው እርሱ ነው።

ሊያሳስብዎ የሚገባው ከሥዕሉ ይልቅ የዕለት ኑሮው ነው። እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ራሱን የመጉዳት ነገር ካሳየ ወይም አንድን አስፈሪ ትዕይንት በጨዋታ ካሳየው ወይም ከሣለው በኋላ ሁልጊዜ ይበልጥ የሚረበሽ ከሆነ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የሥዕል ክፍል የሥነ ጥበብ ሕክምናን አይተካም፤ ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1942 የሰጠው ከሳንባ ነቀርሳ ሲያገግም ሥዕል የረዳው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ሲሆን፣ ዛሬ ራሱን የቻለ ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንድ ጠቃሚ ነገር መውሰድ ይቻላል፤ የሚፈስ ቀለምና እርጥብ ሸክላ ስሜትን ቶሎ ስለሚቀሰቅሱ፣ ልጁ ሲረበሽ እርሳስ፣ ማርከር ወይም የተቆረጠ ወረቀት ቢቀርብለት ሥራውን መቆጣጠር ይቀልለዋል።

ምናልባት እየሣለ ሳለ በደል እንደ ደረሰበት ቢነግርዎ፣ ረጋ ብለው ያድምጡት፤ በጥያቄ አያጨናንቁት፤ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡለት። የተናገረውን በራሱ ቃላት ጽፈው በሕፃናት ጥበቃ ላይ ኃላፊነት ላለው አካል በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የምመራው ማዕከል የልጆችን ሥዕል በየዓመቱ ያወዳድራል፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ሽልማት እንሰጣለን፤ ሥዕሎቹንም ከልጆቹ ፎቶግራፍና ታሪክ ጋር ለረጂዎች እንልካለን። አንድ ሠራተኛችን ይህ ልጆቹን ይጎዳል ብላ ተከራከረችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ በሁለቱም ነጥቦች ከሠራተኛዎ ጋር እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በማርከር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ብትሥሉ ሽልማት አለ» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። በኋላ ነፃ የጨዋታ ጊዜ ሲሰጣቸው፣ ሽልማት እየጠበቁ የሣሉት ልጆች ሽልማት ካልተጠቀሰላቸው ይልቅ በሥዕል ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀንሶ ተገኘ። ሦስት ልጆች ሲሸለሙ የቀሩት ሁሉ ምን እንደሚሰማቸው ደግሞ ጥናት አያስፈልገውም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ «ከሌሎች ታንሳለህ» የሚለውን ቀድሞውኑ ሰምተው የመጡ ናቸው። ውድድሩን ትተው በምትኩ የልጆቹን ሥዕሎች የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከዓመቱ ሥራዎቹ አንዱን ራሱ ይምረጥ፤ ምንም ላለማሳየት የመረጠም ይከበርለት።

በዚህ ረገድ የማከብራት መምህርት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ናት። ይህች በቪየና የተወለደች አይሁዳዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ናዚዎች አይሁዶችን አጉረው ወደሚያኖሩበት ወደ ቴሬዚን ጌቶ ካጋዟት በኋላ፣ በዚያ ከወላጆቻቸው ተለይተው በጋራ ማደሪያ ለሚኖሩ ልጆች በሚገኘው ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ሥዕል አስተማረች። ልጆቹን በቁጥር በሚያውቃቸው ቦታ፣ እርሷ በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 ወደ ናዚዎቹ የግድያ ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች፤ ከመሄዷ በፊት በሁለት ሻንጣ የሸሸገቻቸው 4,500 ያህል የልጆች ሥዕሎች ግን ተርፈው ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። አብዛኞቹ ልጆች ከጦርነቱ አልተረፉም፤ ማን እንደ ሣለው የሚታወቀው በዚያ በጻፉት ስም ነው።

በእርስዎም ማዕከል ልጁ በሥራው ላይ ስሙን ይጻፍ፤ ያ ለእርሱ ነው። ለውጭ ሰው በሚላከው ቅጂ ላይ ግን ስሙ፣ ፊቱና የደረሰበት መከራ ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ መውጣት የለበትም። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጆች በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 16 የግል ሕይወታቸው እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲደመጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ከአሳዳጊው ፈቃድ በተጨማሪ ልጁን ራሱን ይጠይቁ፤ ዋናውን ሥዕል ይመልሱለት፤ ቅጂውን ብቻ ይላኩ። ረጂዎች አንድ ልጅ በመጀመሪያው ወርና በስድስተኛው ወር የሠራውን ጎን ለጎን ቢያዩ፣ ገንዘባቸው ምን እንደ ሠራ ከማንኛውም አሳዛኝ ታሪክ ይልቅ ይረዱታል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሥዕል አልተማርኩም። በሳምንት አንድ ቀን ለእንዲህ ያሉ ልጆች ክፍል ብከፍት ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ለትናንሾቹ የሥዕል ሙያ ባይኖርዎትም ይጠቅሟቸዋል፤ ለትልልቆቹ አልፎ አልፎ የሚረዳዎ ሠዓሊ ይፈልጉ። ከሙያው በላይ የሚፈለግብዎ አለመቅረት ነው። አዋቂዎች እየመጡ የሄዱባቸው ልጆች ስለ ሆኑ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ሊገኙ የማይችሉ ከሆነ ባይጀምሩት ይሻላል። ልጆቹ ከስምንት ባይበልጡ ለእያንዳንዳቸው ጊዜ ይኖርዎታል፤ ክፍሉ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረውም ያስታውቋቸው፤ በድንገት ብሩሽ መነጠቅ የለባቸውም። ትምህርቱ የሚያበቃበትን ቀን በመጀመሪያው ዕለት ይንገሯቸው፤ ግድግዳ ላይም ይለጥፉት። ሥራዎቻቸውን በየስማቸው በተዘጋጀ ፎልደር እያስቀመጡ ይቆዩ፤ ከመለያየታችሁ አንድ ሳምንት በፊት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ከፍቶ የሚወስደውን እንዲመርጥ በቂ ጊዜ ይስጡት።