መልስ፦ በድሬዳዋ ሙቀት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሕፃን ጋር ስለ ማደር

ኤሲ በሌለው የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ የድሬዳዋን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ከአራት ወር ሕፃን ጋር እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ጠይቀዋል። ዋናው ችግር ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ከፀሐይ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ታች ስለሚለቅ፣ ኮርኒስ ከሌለ አቡጀዲ ወጥረው በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ቢተዉ ለውጡ ወዲያው ይታወቅዎታል። መስኮቱን ከረፋዱ ጀምሮ ዘግተው በሰሌን ይጋርዱት፤ ሰሌኑ ግን በውጭ በኩል ይሁን፣ የውስጥ መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነውና። አመሻሹ ላይ ውጭው ሲቀዘቅዝ ትይዩ ያሉትን በርና መስኮት በአንድነት ይክፈቱ።

የከተማዋ አየር ደረቅ በመሆኑ፣ በመስኮቱ ላይ የሚሰቀል እርጥብ ነጠላ ውሃው በሚተንበት ጊዜ የሚገባውን ነፋስ ያቀዘቅዛል። የእንስራ ውሃም የሚበርደው በዚሁ መንገድ ሸክላው እያላበው ነው (እኔ ፍሪጅ ገዝቼም ከእንስራው አልተላቀቅኩም)። የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ገላን ይበልጥ ሊያሞቅ ስለሚችል፣ ሕፃኑን በእርጥብ ፎጣ ደጋግመው ያብሱት። 6 ወር ስላልሞላው ውሃ አይሰጠው፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሕፃኑ ከፈዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።