ተስፋ ያለው ወጣት የድሬሳዥ ፈረስ በአነስተኛ ገንዘብ ስለመግዛት፦ ጥያቄና መልስ

ድሬሳዥ ፈረስና ፈረሰኛ 20 በ60 ሜትር በሆነ ሜዳ ውስጥ የታዘዙትን እንቅስቃሴ በስምምነትና በትክክል የሚያሳዩበት የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ለዚህ ስፖርት የሚሆን ወጣት ፈረስ በአነስተኛ ገንዘብ ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ ሥራዬ በሰሜን ጀርመን ወጣት ፈረሶችን ከኮርቻ ጋር ማለማመድ እንደ መሆኑ፣ በማውቀው መጠን እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች የጀርመንን ገበያ የሚመለከቱ ግምቶች ሲሆኑ፣ ዓመተ ምሕረቶቹ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሃኖቨር)፦ ያለኝ ገንዘብ በጠቅላላው 15,000 ዩሮ ነው። በዚህ ገንዘብ ጥሩ የሦስት ዓመት ፈረስ አገኛለሁን?

መልስ፦ ያገኛሉ፤ ነገር ግን 15,000 ዩሮ ያለው ሰው የ15,000 ዩሮ ፈረስ መግዛት የለበትም። ለፈረሱ ከ10,000 እስከ 11,000 ዩሮ መድበው የቀረውን ለሐኪም ምርመራ፣ ለማጓጓዣ፣ ለኢንሹራንስና ለመጀመሪያዎቹ ወራት አሠልጣኝ ያስቀምጡት። ወጣት ፈረስ እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ የጀርባው ቅርጽ ደጋግሞ ስለሚለወጥ ኮርቻውም ደጋግሞ መስተካከል ይኖርበታል፤ ይህን ወጪ ብዙ ገዢ አያስበውም። የጋጣ ኪራይ ከነመኖው በወር ከ400 እስከ 600 ዩሮ፣ በትልልቅ ከተሞች አጠገብ ደግሞ ከዚያ በላይ ይደርሳል። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 833 መሠረት ለመዝናኛ የተያዘ ፈረስ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ፈረሱ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ስለሆነ፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሳይገቡ ፈረሱን ከጋጣ ማውጣት አይገባም። የሆድ ቁርጠት ቀዶ ሕክምናም በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ስለሚጠይቅ የቀዶ ሕክምና ኢንሹራንስ እንዲጨምሩበት እመክራለሁ።

በዚህ ዋጋ የሚገኘው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ባዝራ ካላቸው ትንንሽ አርቢዎች ዘንድ ያለ፣ ኮርቻ የለመደ ወይም ገና ያልተጫነ፣ ስመ ጥር ፈረሰኛ ያልተቀመጠበት ነው። የአነስተኛ በጀት ገዢ ዋናው ጥበብ፣ የፈረሱን ዋጋ የሚቀንሱ ነገር ግን ችሎታውን የማይነኩ ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይመስለኛል። ቁመቱ 1.70 ሳይሆን 1.62 ሜትር የሆነ፣ እግሩ ላይ የተዘጋ የቁስል ጠባሳ ያለበት፣ ገበያው ጥቁር ሲፈልግ ቀይ የሆነ፣ አባቱ ፋሽን ያለፈበት፣ ወይም በሰኔና በሐምሌ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ከእኩዮቹ ያነሰ መስሎ የሚታይ ፈረስ፣ ሌላው ገዢ ትቶት ስለሚሄድ ለእርስዎ ይቀርልዎታል።

ጥያቄ (ከዩትሬክት)፦ የፈረሱን እንቅስቃሴ ስመለከት ከሁሉ በፊት ምን ማየት አለብኝ? ሻጮች የሚያሳዩኝ ሶምሶማውን ብቻ ነው።

መልስ፦ ሻጮች ሶምሶማን የሚያሳዩት ገዢው የሚከፍለው ለሶምሶማ ስለሆነ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እርምጃውን፣ ቀጥሎ ግልቢያውን፣ በመጨረሻም ሶምሶማውን እንዲያዩ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሶምሶማ በጥሩ ሥልጠና ብዙ የሚሻሻል ሲሆን፣ ደካማ እርምጃን ማሻሻል እጅግ አስቸጋሪ፣ ጥሩ እርምጃን ማበላሸት ግን እጅግ ቀላል ነው።

እርምጃ አራት ምት አለው። አዲስ በተደለደለ አሸዋ ላይ ፈረሱ በላላ ገመድ እየተመራ እንዲሄድ ይጠይቁና ዱካውን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የኋላ እግሩ የፊት እግሩን ዱካ አልፎ አንድ ወይም ሁለት ሰኮና ያህል ወደ ፊት ቢያርፍ መልካም ነው። ከዚያ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ግን አይደነቁ፤ እንዲህ ያለው እርምጃ ኋላ ፈረሱ እንዲሰበሰብ (እርምጃውን አሳጥሮ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ እንዲሸከም) በሚጠየቅበት ደረጃ ምቱን ሊያጣ ይችላል። ቀጥሎ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አስመርተው ዓይንዎን ጨፍነው ያድምጡ። አራት እኩል ምት ካልሰሙ፣ ወይም በአንድ ጎን ያሉት ሁለት እግሮች አብረው ከሄዱ፣ ፈረሱ በየውድድሩ ነጥብ የሚያስጥል ጉድለት አለበት።

የግልቢያው ምት ሦስት ነው። ፈረሱ በነፃነት ሲሮጥ የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ገብቶ ትከሻው ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ በማዕዘን ላይም ሳይደናገር እግሩን የሚቀይር ከሆነ፣ ለከፍተኛው ደረጃ የሚያስፈልገው ኃይል በተፈጥሮው አለው። ሶምሶማውን ሲያዩ ደግሞ ዓይንዎን ከፊት እግሩ ላይ ያንሱ። የፊት እግር በአለንጋና በፕላስቲክ ከረጢት ኮሽታ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ብሎ እንዲወረወር ማድረግ ይቻላል፤ የኋላ እግር ግን በቀላሉ አይዋሽም። ከጎን በስልክ ይቅረጹትና ምስሉን አቁመው የፊቱ እግር የተነሳበትን ያህል የኋላውም ተንቀሳቅሶ እንደ ሆነ ያወዳድሩ። ደግሞም ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ደስታውና ድንጋጤው ካለፈ ወዲያ የሚያሳየው ሶምሶማ፣ የእርስዎ ሶምሶማ እርሱ ነው።

ጥያቄ (ከኮሎኝ)፦ ጋሼ፣ የዘር ሐረግ ምን ያህል ዋጋ አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከአባቱ ይልቅ የእናቱን ወገን ያጥኑ። ታዋቂ ድንጉላ በየዓመቱ በብዙ መቶ ባዝሮች ላይ ስለሚውል የእርሱ ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ እናቱ፣ አያቱና ወንድሞቹ በውድድር ምን ደረጃ እንደ ደረሱ፣ በተለይም እስከ ስንት ዓመታቸው ጤነኛ ሆነው እንደ ሠሩ ማወቅ ግን ይጠቅማል።

ጥያቄ (ከሙኒክ)፦ ውርንጭላ ገዝቼ ባሳድግ አይረክስልኝምን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይረክስም። ስድስት ወር የሞላው ውርንጭላ በ6,000 ዩሮ ገዝተው ለማሳደጊያ ቦታ በወር 200 ዩሮ ቢከፍሉ፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላው 30 ወር ስለሆነ 6,000 ዩሮ ይጨመራል፤ ክትባቱ፣ የጥገኛ ትል መድኃኒቱና ሰኮናውን ማስተካከሉ ለብቻው ነው። ይህን ሁሉ ከፍለው እንኳ ፈረሱ ከሰው በታች እንዴት እንደሚሄድ አያውቁም። በዚያው ገንዘብ የሦስት ዓመት ፈረስ ቢገዙ አጥንቱን በራጅ፣ ጠባዩን በኮርቻ አይተው ይወስናሉ። በአንጻሩ የስድስት ዓመት ፈረስ በዝቅተኛ ዋጋ ሲቀርብልዎ፣ እስካሁን ምን ሲሠራ እንደ ነበረ መጠየቅ ግድ ነው። ልጅ ወልዳ ለሁለት ዓመት መጋለብ ያቆመች ባለቤት ያለችው ፈረስ መልካም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ባለቤት የቀያየረ ፈረስ ግን እንዲያ አይደለም።

ጥያቄ (ከበርሊን)፦ ባዝራ ወይስ ሰንጋ (የተኮላሸ ወንድ ፈረስ)? አሠልጣኜ ባዝራ አትግዢ ትለኛለች።

መልስ፦ ድንጉላን እንተወው፤ አብዛኞቹ የኪራይ ጋጣዎች አይቀበሉትም። ባዝራን በተመለከተ ከአሠልጣኝዎ ጋር አልስማማም። በቶኪዮም በፓሪስም ኦሊምፒክ በግል ድሬሳዥ የወርቅ ሜዳሊያ ያሸነፈችው ዳሌራ ባዝራ ናት። በሌላ በኩል በ2012 በለንደን፣ በ2016 በሪዮ ያሸነፈው፣ በ2014 በለንደን በሙዚቃ በሚቀርበው ውድድር 94.3 በመቶ አግኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ቫሌግሮ ሰንጋ ነበር። ስለዚህ ጾታ የችሎታ መለኪያ አይደለም። ብዙ ጀማሪ ገዢዎች ሰንጋ ስለሚፈልጉ፣ የዘር ሐረጓ ለርቢ ያን ያህል የማይፈለግ ባዝራ አንዳንዴ በተሻለ ዋጋ ትገኛለች።

ጥያቄ (ከስቱትጋርት)፦ ልሞክረው ስሄድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ፈረሱ ላብ የደረቀበት ሆኖ ካገኙት፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ጉልበቱ እንዲበርድ ሳይደረግ አልቀረም። በጋጣው ውስጥ እንዳለ ይዩት፤ የመመገቢያ ገንዳው እንጨት ጠርዝ ተግጦ ከሆነ፣ ወይም ፈረሱ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሻጩን ይጠይቁ። አራቱንም እግር ራስዎ ያንሱ፣ ሆዱን በብሩሽ ይንኩት፣ የኮርቻው መታጠቂያ ሲጠብቅ ጆሮው ወዴት እንደሚዞር ይመልከቱ። ከዚያም ሻጩ ወይም ፈረሰኛው አስቀድሞ ይጋልብ፤ ሻጩ የማይቀመጥበትን ፈረስ እርስዎ አይቀመጡበት። ለሦስት ዓመት ፈረስ የእርስዎ ሙከራ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ፈረሱ ከድንጋጤ በኋላ የሚያሳየውን ነው። ጃኬት በአጥሩ ላይ ጣል አድርጉ ብዬ እጠይቃለሁ። ወጣት ፈረስ መደንገጡ ያለ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሦስት እርምጃ ሸሽቶ ቆሞ ያሸታል፣ ቀጥሎም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሌላው ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ያን ማዕዘን አይረሳም። የመጀመሪያው ሶምሶማው ተራ ቢሆን እንኳ፣ ሥራ ውሎ ማታ ለሚጋልብ ሰው ከሁለተኛው ይሻላል። ደግሞ ሳይመለሱ አይግዙ፤ ሁለተኛውን ጉብኝት በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት ያድርጉት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ራጅ ላይ በቋንጃው መገጣጠሚያ ውስጥ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ታየ። ልተወው?

መልስ፦ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ የጀርመን ሐኪሞች የራጅ ውጤትን ከ1 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች ይመድቡ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ደረጃው ቀርቶ፣ ሐኪሙ በ18ቱ መደበኛ ምስሎች ላይ ከተለመደው የወጣውን ይዘረዝራል፣ ስጋት ያለበትንም ለይቶ ይጠቅሳል። ስለዚህ «ደረጃው ስንት ነው?» ማለት ቀርቶ ሐኪሙን «ይህ ግኝት ለምፈልገው ሥራ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእርስዎን በተመለከተ፣ በዕድገት ጊዜ የሚፈጠር እንዲህ ያለ ቁራጭ በብዙ ፈረሶች ላይ ይታያል። መገጣጠሚያው ካላበጠ፣ እግሩ ታጥፎ ተይዞ ሲለቀቅም ካላነከሰ፣ በቋንጃ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወጥቶ ፈረሱ ሥራውን ይቀጥላል። የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ከፈረሱ ላይ እንዲቀነስልዎ መደራደር ይችላሉ። በሌላ መገጣጠሚያ፣ በተለይ በኋላ ጉልበት ላይ ቢሆን ግን የበለጠ እጠነቀቅ ነበር።

ሐኪሙን እርስዎ ይምረጡ፤ የሻጩ የዘወትር ሐኪም መሆን የለበትም። ደም ተወስዶ እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ ፈረሱ ወደ ቤት ከመጣ በኋላ በድንገት ቢያነክስ ወይም ጠባዩ ቢለወጥ፣ በምርመራው ቀን ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደ ነበረ ማጣራት የሚቻለው በዚያ ደም ነው። የጀርባው ራጅ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቅም ለድሬሳዥ ፈረስ ከማስነሳት ወደኋላ አልልም።

ጥያቄ (ከብሬመን)፦ ከጨረታ መግዛት ይሻላል ወይስ ከግለሰብ?

መልስ፦ በፌርደን የሃኖቨር ዘር፣ በፌክታ ደግሞ የኦልደንቡርግ ዘር ማኅበራት ጨረታ ያካሂዳሉ። ጥቅሙ የሐኪም ሪፖርቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ጉዳቱ መብራቱና ሙዚቃው የሰውን ልብ ማሞቁ ነው፤ ከዚህም በላይ መዶሻው የወረደበት ዋጋ የሚከፍሉት ዋጋ አይደለም። በ12,000 ዩሮ ያሸነፉት ፈረስ 19 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት የጨረታው ኮሚሽን ሳይታሰብ 14,280 ዩሮ ይሆናል።

ከነጋዴ የገዛ ግለሰብ፣ ጉድለቱ ፈረሱን ከተረከበ በስድስት ወር ውስጥ ከታየ፣ ጉድለቱ በርክክቡ ጊዜም እንደ ነበረ ይገመትለታል፤ አልነበረም የሚለውን የማስረዳት ሸክም የሻጩ ነው። ከ2022 ወዲህ ለሌሎች ዕቃዎች ይህ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ሲራዘም ለእንስሳት በስድስት ወር ጸንቷል። ግለሰብ ሻጭ ግን በውሉ ውስጥ ይህን ኃላፊነት ማስቀረት ስለሚችል፣ ስለ ፈረሱ የነገረዎትን ሁሉ በውሉ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩት።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ከጀርመን ገዝቼ ወደ አሜሪካ ባመጣ ያዋጣኛልን?

መልስ፦ ለሰንጋ ሊያዋጣ ይችላል፤ አሜሪካ ሲደርስ የሚቆይበት ኳራንቲን በመደበኛው 42 ሰዓት ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ያለፈ ባዝሮችና ድንጉላዎች ግን በርቢ የሚተላለፍ በሽታ ስለሚመረመሩ ለሳምንታት ይቆያሉ፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። የአውሮፕላኑ ዋጋ ለርካሽም ለውድም ፈረስ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በጀትዎ ትንሽ ከሆነ እዚያው በአሜሪካ የተረባ ፈረስ እንዲፈልጉ እመክራለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የጀርመን ፈረስ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ይቻላልን? ካልሆነ በአገራችን ፈረስ ድሬሳዥ መማር እችላለሁ?

መልስ፦ በአነስተኛ በጀት የማምጣቱን ነገር ይተዉት። በትንንሽ ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው፣ ዘጠኝ ዓይነት ያለው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በአገራችን ስላለ፣ በሽታውን የማያውቅ የአውሮፓ ፈረስ ለከፍተኛ የሞት አደጋ ይጋለጣል፤ ከገባ በኋላም ወደ አውሮፓ መመለሱ የማይታሰብ ነው። መማሩን ግን ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። በጉግስ የሠራ ፈረስ ድንገት መነሳትንና መታጠፍን ያውቃል፤ የሚቀረው ዛቡ ላይ ሳይደገፍ፣ በእርጋታና በእኩል ምት በክብ መሄድን ማስለመድ ነው። ቁመቱ አጭር መሆኑ ለዚህ አያግድም።

ጥያቄ (ከሃምቡርግ)፦ በክፍያው ቀን የትኞቹን ሰነዶች ልቀበል?

መልስ፦ ሁለት ናቸው። የፈረሱ ፓስፖርት ፈረሱ በሄደበት ሁሉ አብሮት መሄድ ያለበት መታወቂያ ሲሆን፣ ባለቤትነትን ግን አያረጋግጥም፤ የዘር ማኅበሩ የሚሰጠው የባለቤትነት ሰነድ ራሱን የቻለ ወረቀት ነው። ሐኪሙ በምርመራው ቀን አንገቱ ላይ ያለውን የቺፕ ቁጥር ከፓስፖርቱ ጋር እንዲያመሳክርልዎ ያድርጉ፣ የክትባቱን ገጽም ያንብቡ። የባለቤትነት ሰነዱ ጠፍቷል ከተባሉ፣ ማኅበሩ ምትክ አውጥቶ እስኪልክ ድረስ ክፍያውን ያቆዩት።