ያችን አራት መስመር ዜና ዛሬ ብጽፋት

ልጆቼ፣ ዘጋቢ ለመሆን ለምታስቡት ነው የምጽፈው።

ኅዳር 1983 ዓ.ም. የውጭ ዜና ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከቴሌክሱ፣ ከሩቅ የሚላክ ዜና በወረቀት እያተመ ከሚያወጣው መሣሪያ፣ ላይ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። ኒውዚላንድ ውስጥ አራሞአና በምትባል የባሕር ዳር መንደር አንድ ሰው 13 ሰዎችን በጥይት ገድሏል። በማግስቱ ፖሊስ እሱን ገደለው። አራት መስመር ጻፍኩና ወደ ሌላው ዜና ሄድኩ። የመንደሯን ስም እንኳ በትክክል መጻፌን አላጣራሁም። ማን ያውቃታል ብዬ!

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ስለ መንደሯ ያነበብኩት። ስሟ ማኦሪኛ ነው፤ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎች ቋንቋ። አራ መንገድ፣ ሞአና ደግሞ ባሕር ማለት ነው። ከደኒደን ከተማ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የኦታጎ ወደብ ወደ ባሕር የሚከፈትበት አፍ ላይ ተቀምጣለች። ከወደቡ ማዶ ኦታኮው አለ፤ ናይ ታሁ የሚባሉት ማኦሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበትና ሙታናቸውን የሚያለቅሱበት ግቢ ያለው እዚያ ነው። ኦታጎ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከኦታኮው ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሊተከልባቸው ሲል የአራሞአና ሰዎች «ነፃ መንግሥት ነን» ብለው አወጁ። ቴምብር ሁሉ አሳትመዋል። ደስ አይሉም? ማቅለጫውም ሳይተከል ቀረ።

ስለዚያ ሌሊት የምታነቡ ከሆነ ግን ከወይዘሮ ሄለን ዲክሰን ጀምሩ። 72 ዓመታቸው ነበር፤ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርገው ገና አላገገሙም። ጎረቤታቸው ቆስሎ ደጅ ወደቀ። መሬት ለመሬት እየተሳቡ ሄዱለት። ስልክ ለመደወል እየተሳቡ ተመለሱ። ደውለው እንደገና ወጡ፣ አይዞህ ሊሉት። በኋላ ለጀግንነት የሚሰጠውን የጆርጅ ሜዳል ተሸለሙ። በአቅራቢያዋ ካለችው ፖርት ቻልመርስ የደረሰው የፖሊስ ሳጅን ስቱዋርት ጉትሪም እዚያው ተገደለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕጓን አጠበቀች። ግን ቀዳዳው አልተደፈነም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ክራይስትቸርች በምትባለው የዚያው አገር ከተማ አንድ ታጣቂ መስጊዶች ላይ ተኩሶ 51 ሰዎች አለቁ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሯ የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ። እኔም የአራሞአናውን አልጠራሁትም። እውነቱን ለመናገር ግን ስም መደበቅ ብቻውን ብዙ አይሠራም። ስሙን ደብቃችሁ መንደሯን «የግድያዋ መንደር» ካላችኋት ምን ዋጋ አለው?

በተቃራኒውም እንዳትሳሳቱ። የሚያምር የማኦሪ ስምና የባሕር ዳርቻ ፎቶ ደርድሮ ሬሳውን መሸፈንም አለ። እሱ የቱሪስት ማስታወቂያ ነው። 13ቱ ሰዎች ሞተዋል።

ያኔ የነበረኝ ቦታ አራት መስመር ብቻ ነበር፣ ዛሬም ከዚያ በላይ አይሰጡኝም። አንዷን ለስሟ ትርጉም፣ አንዷን ለወይዘሮ ዲክሰን እሰጥ ነበር። የቀሩት ሁለቱ ለግድያው ይበቃሉ።