«ሲስተሙ እየተንቀራፈፈ ነው» ሲሏችሁ

ሞንጎዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ የማስተዳደር ሙያ ገና ለጀመራችሁ ልጆች፤

ደንበኛ ደውሎ «ሲስተሙ እየተንቀራፈፈ ነው» ሲል አብዛኛው ጀማሪ ሪስታርት ለማድረግ ይሮጣል። ተዉ። የሥራውን ብዛትና የፈጀውን ጊዜ የሚይዙት የሞንጎዲቢ ቆጣሪዎች ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ የሚደመሩ ስለሆኑ፣ ሪስታርት ስታደርጉ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ካሹም (ቶሎ እንዲገኝ ሜሞሪ ላይ የተያዘው ዳታ) ባዶ ሆኖ ስለሚነሳ ለጊዜው ይብስበታል።

ቆጣሪዎቹን የምታገኟቸው ሰርቨርስታተስ (serverStatus) በሚለው ኮማንድ ውስጥ፣ ኦፕላተንሲስ (opLatencies) የሚለው ክፍል ላይ ነው። ለሪድ፣ ለራይትና ለሌሎች ኮማንዶች ለየብቻ ጠቅላላው ጊዜ በማይክሮሰከንድ እና የሥራው ብዛት ተቀምጧል። እንዲሁ ካካፈላችሁት የምታገኙት ሰርቨሩ ከተነሳ ወዲህ ያለውን አማካይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ምን እንደተፈጠረ አይነግራችሁም። አንዴ ውሰዱ፣ ከደቂቃ በኋላ ድገሙ፣ ልዩነቱን አካፍሉ። በዚያች ደቂቃ 2,000 ሪድ ተጨምሮ ጊዜው በ10,000,000 ማይክሮሰከንድ ካደገ፣ አማካዩ 5 ሚሊሰከንድ ነው።

5 ሚሊሰከንድ ቆንጆ ነው ብላችሁ ግን አትተኙ። 1,996ቱ በ1 ሚሊሰከንድ አልቀው አራቱ ሁለት ሁለት ሰከንድ ቢፈጁም አማካዩ ያው 5 ገደማ ነው። የደወለው ሰውዬ ከአራቱ አንዱ ነዋ! ሁሉም ዳሽቦርዱ ላይ የሚለጥፈው ፒ99 (ከመቶው ሥራ 99ኙ ያለቀበት ጊዜ) እንኳ እዚህ አያድንም፤ አራቱ ከሺህ ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ የምወደው ሂስቶግራሙን ነው፤ ስንት ሥራ በምን ያህል ጊዜ እንዳለቀ በየእርከኑ ለይቶ ያሳያል። ኮልስታትስ ($collStats የሚለው የአግሪጌሽን ስቴጅ) ከጠየቃችሁት በየኮሌክሽኑ (በየዶክመንት ስብስቡ) ያወጣላችኋል።

አራቱን ለመያዝ ሎጉን ክፈቱ። ካልቀየራችሁት በቀር ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የፈጀ ሥራ፣ ፕሮፋይለሩ (የሥራዎችን ዝርዝር የሚመዘግበው መሣሪያ) ባይበራም፣ እዚያ ይጻፋል። መስመሩ ላይ ስንት ዶክመንት እንደተመረመረና ስንት እንደተመለሰ እዩ። 400,000 ተመርምሮ 12 ከተመለሰ፣ ፕላኑም ኮልስካን (ኮሌክሽኑን በሙሉ ማሰስ) ካለ፣ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መፈለጊያ) አላገኘም ማለት ነው። ታዲያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኢንዴክስ አትደርድሩ፤ ዶክመንት በገባ ቁጥር ኢንዴክሶቹም አብረው ስለሚታደሱ ራይቱ ይከብዳል። ፕሮፋይለሩን ደረጃ 2 ላይ አብርቶ ወደ ቤቱ የሚሄድም አለ። ሁሉንም ሥራ ስለሚመዘግብ ሥራ በሚበዛበት ሰርቨር ላይ ራሱ ሸክም ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ ሰርቨሩ 3 ሚሊሰከንድ እያለ አፑ 900 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ኦፕላተንሲስ የሚለካው ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ኔትወርኩንና ኮኔክሽን ፑል (አፑ ከሰርቨሩ ጋር የከፈታቸው ግንኙነቶች ስብስብ) ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀውን አያይም። ከአፕ ልጆቹ ጋር ስብሰባ ስትገቡ ሁለቱንም ቁጥር፣ በተመሳሳይ ሰዓት የተወሰደውን፣ ጎን ለጎን ይዛችሁ ግቡ። አለዚያ እስከ ማታ ትጨቃጨቃላችሁ።