ቦሮው እና ሌንድ ለሚምታቱብሽ እህቴ

እህቴ፣ «ከ500 በላይ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ ሸምድጃለሁ፤ ስናገር ግን ሁሌ ያርሙኛል፤ ቦሮው እና ሌንድ እንኳን ይምታቱብኛል» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔም ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ፣ በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን እየጻፍኩ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ ወደ ጥያቄሽ። ቦሮው የሚያደርገው ተቀባዩ ነው፤ ሌንድ የሚያደርገው ሰጪው። «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ካልሽ ወሳጇ አንቺ ነሽ። «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ካልሽ ደግሞ ሰጪው እሱ ነው። ግን የሚያምታታሽ ይሄ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ለገንዘብ ተበደረ እና አበደረ፣ ለዕቃ ተዋሰ እና አዋሰ እንላለን። አራት ቃል ነው። እንግሊዝኛው በሁለት ይጨርሰዋል። ደብተርሽ ላይ «ቦሮው፦ መበደር» ብቻ ከተጻፈ፣ መጽሐፍ መዋስ ስትፈልጊ ቃሉ አይመጣልሽም።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ነው የሚብሰው። አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዬ «ነገ ስለ ስብሰባው አስታውሰኝ» ለማለት «ፕሊስ ሪሜምበር ሚ ቱሞሮው» ብዬ ጻፍኩለት። ደንግጦ ደወለልኝ። ሥራ የምለቅ መስሎት ነበር! እንደዚያ ሲጻፍ «አትርሱኝ» የሚል የስንብት ቃል ይመስላላ። የሚያስፈልገኝ ሪማይንድ ነበር። ራስሽ ስታስታውሺ ሪሜምበር፣ ሌላ ሰው ሲያስታውስሽ ሪማይንድ። አማርኛው ሁለቱንም «አስታወሰ» ስለሚል ልዩነቱ አይታየንም።

«ጠበቀ»ንም እዪው። ዘበኛ በር ሲጠብቅ ጋርድ ነው። «አይ ዋዝ ዌይቲንግ ፎር ዩ» ስትይ ሰውየው እስኪመጣ ቆይተሻል ማለት ነው። «አይ ዋዝ ኤክስፔክቲንግ ዩ» ስትይ ግን እንደሚመጣ ታውቂ ነበር፤ ሌላ ሥራ ላይ ሆነሽም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ፎርን አትርሺ፤ «ዌይት ዩ» አይባልም።

በአማርኛ ሁለቱንም «ሠራ» ወይም «አደረገ» ስለምንላቸው ዱ እና ሜክም ብዙ ሕግ ይነገራል። እኔን አንዱም አልረዳኝም። ዱ ሆምወርክ፣ ሜክ ኤ ሚስቴክ እያልኩ ከነጓዛቸው ስይዛቸው ነው የቀለለኝ።

አሁን በደብተሬ ቀኝ በኩል ትርጉም አልጽፍም። ከራሴ ውሎ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምጽፈው። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላትም ይዘሽ ተማሪ። ሎንግማን የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የሚሰጠው በ2000 ገደማ የተለመዱ ቃላት ብቻ ነው። ለጊዜው ፍቺው ከከበደሽ ምሳሌዎቹን ብቻ አንብቢ፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል እዚያ ታገኚዋለሽ።

አዲስ ቃል መሸምደዱን ለትንሽ ጊዜ ተዪው። ከ500ዎቹ ውስጥ ሰው ያረመሽን 20 ምረጪና ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በቦሮው ጀምሪ። ከዚያ እዚሁ ለጥፊልን፤ አብረን እናየዋለን።