ቁንጫው፣ ነቀዙ፣ ቢምቢው፦ ጠይቁኝ

ክረምቱ ወጣ፣ ጥያቄው ግን በዝቷል። የምችለውን ልመልስ፣ ቅደም ተከተል አትጠብቁ።

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ቤቱን ሦስቴ አስረጨሁ፣ ቁንጫው ግን በሳምንቱ ይመለሳል። መድኃኒቱ የውሸት ነው እንዴ?

ላይሆን ይችላል፣ እህቴ። የሚነክስሽን ብቻ ነው የገደልሽው። እንቁላሉና እጩ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ምንጣፉ ስር፣ ውሻው በሚተኛበት አቧራ ውስጥ ነው። እጩ ድር ፈትሎ ይጠቀለልና መርጫው እምብዛም ሳይነካው ወራት ሊቆይ ይችላል፤ የሰው ኮቴ ሲሰማው ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትከፍቺ ቁንጫ እግርሽ ላይ የሚዘንበው።

ወለሉ አፈር ከሆነ ስንጥቁን በጭቃና በእበት ለቅልቂው። በየቀኑ ጥረጊ፣ ጥራጊውን ደጅ ከመድፋት አቃጥዪው። አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቢ። ውሻውንም የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ ያለዚያ ልፋትሽ ከንቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ድገሚው።

ማሽላችን ነቀዘ። ክኒን ብንጥልበትስ?

ሰው በሚተኛበት ቤት በፍጹም! ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። እህሉን አልጋ ስር አድርጎ፣ ክኒን ጥሎ፣ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ ሲሉኝ ሆዴ ይሸበራል።

ይልቅ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ድረስ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ ፒክስ በሚባለው ከረጢት አስገቡት፤ ማዳበሪያው ውስጥ ሁለት ፕላስቲክ አለው፣ እያንዳንዱን ለየብቻው ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ነቀዙ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ያልቅለታል። ቶሎ ቶሎ እየከፈታችሁ አትዩት ብቻ። አይጥ እንዳይበሳውም ጠብቁ። ጤፍ ላይ ግን ብዙ አትጨነቁ፣ ፍሬው ለነቀዝ ልጅ ይጠባል።

ሸዋሮቢት ነን። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቢምቢ ለምን ይብሳል?

ከባድ ዝናብ እጩን እያጠበ ይወስደዋል። ሲያቆም ውሃው ረግቶ ይቀራል፣ ከእንቁላል እስከ ቢምቢ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ጎማውንና ባልዲውን በየሳምንቱ ድፉ፤ የወባዋ ግን የበሬ ኮቴ ውስጥ የቀረ ውሃም ይበቃታል፣ እሱንም በአፈር ድፈኑት። አጎበሩን ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አስቀድሙ። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ስላለን ብርዱ ያስጥለናል፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀመን።

ከአጨዳ በኋላ አይጥ ቤት ይገባል፣ መርዝ ልግዛ?

ድመት ካለህ ተው፣ መርዝ የበላ አይጥ ትበላና ትሞትብሃለች። ወጥመድ ግድግዳው ጥግ አኑር። ቀዳዳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በሲሚንቶ ድፈን፤ እርሳስ የምታህል ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ በር ናት።

ጎመኔን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። አመድ ነሰነስኩ፣ ምንም አልሆነም።

አመድ ሲረጥብ አይሠራም። ማታ ማታ ባትሪ ይዘሽ ልቀሚያቸው። ወይ እርጥብ ጣውላ መሬት ላይ አጋድሚና ጠዋት ገልብጪው፣ ሁሉም ከስሩ ተሰብስበው ታገኛቸዋለሽ። ዶሮ ካለሽ ደግሞ ቁርሷ ደረሰ።