ያቺ ብልቃጥ መድኃኒት አይደለችም

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ማይግሬን ሲነሳብኝ ጣና ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ እንኳ ዓይኔን ይወጋኛል፤ መጋረጃ ዘግቼ፣ ራሴን በነጠላ ጥፍር አድርጌ አስሬ እተኛለሁ። ላብራቶሪ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ለማይግሬን ምርምር የሚሆን ሲጂአርፒ የሚባል የሰው ፔፕታይድ አለ አለኝ። ባስመጣው ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው! ሲጂአርፒ ሕመሙን የሚያስነሳው እንጂ የሚያስታግሰው አይደለም። ፔፕታይድ ማለት ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ ይሄኛው 37 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) የተያያዙበት ነው፣ የራሳችን ነርቮች ይሠሩታል። ከፊትና ከአንጎል ሽፋን ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ሲለቀው የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ የሕመሙ መልእክትም ይበረታል። ተመራማሪዎች ማይግሬን ላለባቸው ፈቃደኞች በደም ስር ሲሰጧቸው ብዙዎቹን ያው የለመዱት ሕመም ተነሳባቸው። አንቺ ደግሞ ገንዘብ ከፍለሽ ልትወጊው!

የላብራቶሪው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አሚኖ አሲዶቹን በኬሚካል ዘዴ አንድ በአንድ እያያያዙ የሚያመርቱት ነው። ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ይጻፍበታል፤ ለሴል ሙከራ እንጂ ለሰው ደም ተብሎ አልተፈተሸም።

ምርምሩ ግን በከንቱ አልቀረም። ሲጂአርፒ ሴል ላይ የሚያርፍበትን መቀበያ የሚዘጋው ኤሬኑማብ የሚባል መድኃኒት በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል። እሱን የነርቭ ሐኪም ጠይቂ። እስከዚያው ሕመሙ የተነሳበትን ቀን፣ እንቅልፍሽንና ያለፈሽን ምግብ ደብተር ላይ ጻፊ። ማስታገሻ የምትውጪበትንም ቀን ቁጠሪ፤ እንደ ፓራሲታሞል ያለው ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትሪፕታን ያለው የማይግሬን ክኒን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ራሱ ክኒኑ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።